«ጂሊብሲ 2.34 አልተገኘም» ሲል ምን ማለቱ ነው?

ሐዋሳ ውስጥ ኡቡንቱ 22.04 የተባለው ሊኑክስ ባለው ላፕቶፕ የተሠራ ፕሮግራም፣ የቢሮው ሰርቨር ላይ ሲጫን አልነሳም ይላል እንበል። ሰርቨሩ ኡቡንቱ 20.04 ነው። የሚመጣው መልእክት «ጂሊብሲ 2.34 አልተገኘም» የሚል ነው። ብዙ ሰው ጂሊብሲ የሚባለው ላይብረሪ (ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት የተዘጋጀ ኮድ) የጠፋ ይመስለዋል። አልጠፋም፣ አለ። ግን 2.31 ነው።

ጂሊብሲ አብዛኞቹ የሊኑክስ ፕሮግራሞች የሚጋሩት ላይብረሪ ነው። በውስጡ ያለው እያንዳንዱ ፈንክሽን (አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) የቨርዥን ምልክት ተለጥፎበታል። የፈንክሽኑ አሠራር ሲቀየር አሮጌው አይሰረዝም፤ አዲሱ በሌላ ምልክት ጎኑ ይቀመጣል። ዳታን ከአንድ የሜሞሪ ቦታ ወደ ሌላ የሚቀዳውን ሜምኮፒ የተባለ ፈንክሽን እንይ። ባለ 64 ቢት የኢንቴልና የኤኤምዲ ማሽኖች ላይ ሁለት ሜምኮፒ አለ፤ አንዱ 2.2.5፣ ሌላው 2.14። አንዳንድ የድሮ ፕሮግራሞች ደንቡ ባይፈቅድም ምንጩና መድረሻው በተደራረበ ሜሞሪ ላይ ይጠቀሙበት ነበር። እውነት ለመናገር ጥፋቱ የእነሱ ነው። ቢሆንም እንዳይበላሹ ብሎ አሮጌው ምልክት ችሏቸው ይኖራል።

ፕሮግራም ሊንክ ሲደረግ (ከላይብረሪው ጋር ሲያያዝ) ማሽኑ ላይ ያለውን ዲፎልት ምልክት ይዞ ይወጣል፤ ይሄ አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻው ነው። ስለዚህ አሮጌው ፕሮግራም አዲስ ሲስተም ላይ ይሠራል፤ አዲሱ ግን አሮጌው ላይ እንቢ ሊል ይችላል። 2.34 ላይ ደግሞ ፕሮግራም የሚያስነሳው ፈንክሽን ራሱ አዲስ ምልክት ተሰጠው። «ሰላም» ብሎ ብቻ የሚያትም ፕሮግራም እንኳ ይወድቃል።

የሰርቨሩን ጂሊብሲ በእጅ ለመቀየር እንዳትሞክሩ፤ ሲስተሙ ጭራሽ ሊቆም ይችላል። ፕሮግራሙን 20.04 ባለበት ኮንቴይነር (የራሱ ላይብረሪዎች ያሉት የተነጠለ ከባቢ) ውስጥ እንደገና ኮምፓይል ማድረግ ይሻላል።