በአዲስ አበባ ዳርቻ ዕጢን በምስልና በኤአይ መለየት

አዲስ አበባ ወደ ዳር ከሰፋች ቆየች። ኮዬ ፈጬና ቱሉ ዲምቱ በኮንዶሚኒየም ተሞልተዋል። ቡራዩ፣ ሰበታና ለገጣፎም ከከተማዋ ጋር ተገናኝተው ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ናቸው። የካንሰር ሕክምናው ግን ከነዋሪው ጋር አብሮ አልወጣም። የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ የሚገኘው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ዳር ላይ ጤና ጣቢያ አለ። እንደ አቃቂ ቃሊቲው ጥሩነሽ ቤጂንግ ያለ ሆስፒታልም አለ። ራጅና አልትራሳውንድ ያላቸው የግል ክሊኒኮችም አይጠፉም። ኤምአርአይ ከታዘዘ ግን ብዙውን ጊዜ ታክሲ ይዞ መሃል መግባት ነው።

ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ምስል አያነሳም፤ የተነሳውን ያነባል። ውጤታቸው ከዕጢው በተወሰደ ናሙና የተረጋገጠ በሺዎች የሚቆጠሩ ምስሎች ይሰጡትና ዕጢ ምን እንደሚመስል ከእነሱ ይማራል።

የጡት አልትራሳውንድን እንይ። ጄል ተቀብቶ መሣሪያው ቆዳ ላይ ሲንሸራተት ስክሪኑ ላይ ግራጫ ንብርብር ይታያል። መሃሉ ላይ ጠቆር ያለ ነገር አለ እንበል። ጠርዙ ለስላሳ፣ ቅርጹ ሞላላና ወደ ጎን የተኛ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አያሰጋም። ጠርዙ ወጣ ገባ ከሆነ፣ ቁመቱ ከስፋቱ ከበለጠ፣ ከሥሩም ጥላ ከጣለ ነገሩ ሌላ ነው። ራዲዮሎጂስቶች ባይራድስ በሚባለው መለኪያ ከ0 እስከ 6 ይመድቡታል። 3 ሲሆን ካንሰር የመሆን ዕድሉ ከ2 በመቶ አይበልጥም፤ ታካሚዋ “ከስድስት ወር በኋላ ተመለሺ” ትባላለች። 4 ሲሆን ናሙና ይወሰዳል። ጭንቁ ያለው በ3 እና በ4 መካከል ነው። ሶፍትዌሩም የሚያግዘው እዚያ ጋ ነው። ዕጢውን ይከብበዋል፣ ይለካዋል፣ የጥርጣሬ ነጥብም ይሰጠዋል።

ነገሩ ትናንት የተጀመረ አይደለም። አሜሪካ የማሞግራም (የጡት ራጅ) ንባብ ረዳት ኮምፒውተር የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ1998 ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ትልቅ ጥናት ግን መሣሪያው የንባቡን ትክክለኛነት እንደቀነሰና የናሙናውን ብዛት እንደጨመረ አሳየ። የኋለኛው ትውልድ የተሻለ ነው። ከ80 ሺህ በላይ ሴቶች በተሳተፉበት የስዊድን ሙከራ በኤአይ የታገዘው ምርመራ የሐኪሞቹን የንባብ ጫና በ44 በመቶ ቀንሷል። የተገኘው ካንሰርም አላነሰም። ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው።

ይህን ቁጥር ይዞ ሰበታ መሄድ ግን አያዋጣም። ስዊድን ውስጥ ሴቶቹ ጤነኛ ሆነው በቀጠሮ ማሞግራም የሚነሱ ናቸው። እኛ ጋ አብዛኛዋ የምትመጣው እብጠቱን በእጇ ካገኘች በኋላ ነው። ዕድሜዋም ብዙ ጊዜ ለጋ ነው። የወጣት ጡት ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ማሞግራም ላይ ዕጢው ይደበቃል፤ አልትራሳውንድ ይሻላል። አልትራሳውንድ ደግሞ የያዘው እጅ ይወስነዋል። በውጭ አገር ምስል የተማረ ፕሮግራም እዚህ ከመሥራቱ በፊት በእኛው ሰው ምስል መፈተን አለበት። በ2012 ዓ.ም. በማዕከልነት የተቋቋመው የኢትዮጵያ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩት የጡት ካንሰርን ከምስል በሚለይ ሥርዓት ላይ መሥራቱ ለዚህ ይጠቅማል።

ሌላው ጣጣ የምርመራው ምስል የታተመበት ፊልም ነው። ታካሚው ትልቁን ፖስታ በብብቱ ይዞ ይዞራል። ዘመድ ፊልሙን መስኮት ላይ ለጥፎ በስልክ ያነሳና በቴሌግራም ለሚያውቀው ሐኪም ይልካል። ያ ፎቶ ለኤአይ አይሆንም። ነጸብራቁ፣ የጣት አሻራው፣ የጠፋው ዝርዝር ሁሉ ያሳስተዋል። ዋናው ፋይል በሲዲ ወይም በፍላሽ ቢጠየቅ ይሻላል። ፎቶው ላይ ስም መኖሩም አይረሳ፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ የጤና መረጃንም ይመለከታል።

ፕሮግራሙ ምንም ቢል ካንሰር መሆኑን የሚያረጋግጠው በመርፌ የተወሰደና በማይክሮስኮፕ የታየ ናሙና ነው። ሶፍትዌሩ ብዙ በጠረጠረ ቁጥር የናሙና ወረፋው ይረዝማል። እኔ የዳርቻ ክሊኒክ ባለቤት ብሆን ፕሮግራሙን ከመግዛቴ በፊት የምጠይቀው ናሙናውን ማን እንደሚወስድ፣ የትኛው ላቦራቶሪ እንደሚያየውና ውጤቱ በስንት ቀን እንደሚመለስ ነው።