የጦርነት መታጠፊያ ምንድን ነው?

ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተወራ ቁጥር «ስታሊንግራድ ላይ ጀርመን ባትሸነፍ ኖሮ ዛሬ ዓለም የሂትለር ነበረች» የሚል አስተያየት አይጠፋም። ሰሞኑን ደግሞ አንድ ተንታኝ ሐሳቡን አስፍቶ፣ በፓስፊክ ውቅያኖስ ያለውን ሚድዌይን፣ በግብፅ ያለውን ኤል አላሜይንንና በሶቪየት ኅብረት ያለውን ስታሊንግራድን የዓለም ዕጣ የተጣለባቸው ቀናት አድርጎ ሲያቀርባቸው ሰማሁ። ሦስቱም የጦርነቱ መታጠፊያ ተብለው መጠቀሳቸው ተገቢ ነው። የማልቀበለው፣ የእነዚህ ውጊያዎች ውጤት ቢገለበጥ ጦርነቱም አብሮ ይገለበጥ ነበር የሚለውን ድምዳሜ ነው፤ ምክንያቱም ይህ አባባል የሚሊዮኖችን ድካምና የዓመታትን ዝግጅት ወስዶ ለአንድ ቀን ዕድል ይሰጠዋል። (ከዚህ በታች ያሉት ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጦርነት መታጠፊያ የሚባለው፣ ቀጣዩ ትልቅ ውጊያ የትና መቼ እንደሚካሄድ የመምረጥ ዕድል ከአንዱ ወገን ወጥቶ ወደ ሌላው በቋሚነት የተሻገረበት ውጊያ ነው። ከዚያ በፊት አንዱ እየመረጠ ያጠቃል፣ ሌላው ባለበት ይመክታል፤ ከዚያ በኋላ ሚናቸው ይቀያየራል። «በቋሚነት» የሚለው ሁኔታ ሊዘነጋ አይገባም። በ1941 መጨረሻ እንግሊዞች በሰሜን አፍሪካ የጀርመኑን አዛዥ ሮሜልን ሊቢያ ውስጥ ካለችው ከቶብሩክ ዙሪያ ነቅለው እስከ ኤል አጌይላ ድረስ ገፍተውት ነበር፤ ሆኖም በጃንዋሪ 1942 መልሶ አጠቃ፣ በጁን ቶብሩክን ያዘ፣ ወዲያውም ግብፅ ገባ። ያ የእንግሊዞች ድል ትልቅ ድል ነበር፤ መታጠፊያ ግን አልነበረም። እንግዲህ ከዚህ ብያኔ ውስጥ አሸናፊው ያን ዕለት ተሸንፎ ቢሆን ኖሮ ጦርነቱን ሁሉ ያጣ ነበር የሚል ነገር አይገኝም።

ነገሩን ለማየት ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ዓባይን የተሻገረና ወደ ደጀን የሚወጣ፣ ከአቅሙ በላይ የተጫነ መኪና እናስብ። ዳገቱን ሲጀምር ይጓዛል፤ ከዚያ ሹፌሩ ማርሽ እየቀነሰ ይሄዳል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ነዳጁ ይጎድላል፤ በመጨረሻም አንዱ ጠምዛዛ ላይ ቆሞ ወደ ኋላ መንሸራተት ይጀምራል። መኪናው ወደ ኋላ የተመለሰው እዚያ ጠምዛዛ ላይ ነው ብንል እውነት ተናገርን፤ የመለሰው ጠምዛዛው ነው ብንል ግን ተሳሳትን። ያንን በመከራ ቢያልፈው እንኳ ከፊቱ ሌላ ጠምዛዛ አለ፣ ጭነቱም አልቀነሰም። ተንታኙ ጠምዛዛውን ብቻ እያየ ስለ ጭነቱ አንድም ቃል አልተነፈሰም።

የጀርመን ጦር በጁን 28 ቀን 1942 ታላቁን የበጋ ዘመቻ ሲጀምር ዋና ዓላማው የካውካሰስ ነዳጅ ነበር። ሂትለር ግን በጁላይ መጨረሻ ሠራዊቱን ለሁለት ከፍሎ፣ አንዱን ወደ ስታሊንግራድ ሌላውን ወደ ካውካሰስ በአንድ ጊዜ አዘመተው። ማይኮፕ በኦገስት ሲያዝ የነዳጅ ጉድጓዶቹ በሶቪየቶች ወድመው ተገኙ፤ ግሮዝኒና ባኩ ደግሞ ጭራሽ አልተደረሰባቸውም። ግንባሩ በረዘመ መጠን የሚጠብቀው ሰው ስላነሰ፣ በዶን ወንዝ ዳር ያለው ረጅም መስመር ለሮማኒያ፣ ለጣሊያንና ለሀንጋሪ ሠራዊቶች ተሰጠ።

ኖቬምበር 19 ማለዳ ጭጋግ ነበር። የሶቪየት መድፎች ሴራፊሞቪችና ክሌትስካያ አጠገብ በሮማኒያ 3ኛ ሠራዊት ላይ ተኩስ ከፈቱ። ሮማኒያውያኑ ታንክ እንዲመቱበት በብዛት የያዙት በፈረስ የሚጎተት 37 ሚሊ ሜትር መድፍ ነበር፤ የዚህ መድፍ ጥይት ቲ-34 የተባለውን የሶቪየት ታንክ የፊት ብረት አይበሳም። ሸሹ ተብለው ለብዙ ዓመታት የተወቀሱት እነዚህ ወታደሮች ከባድ ፀረ ታንክ መሣሪያ እንደሚያስፈልጋቸው አዛዦቻቸው አስቀድመው ጀርመኖችን ለምነው ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ኖቬምበር 22 ገና ሳይነጋ፣ በሌተና ኮሎኔል ፊሊፖቭ የሚመራ አነስተኛ የሶቪየት ጦር መብራቱን አብርቶ ካላች አጠገብ ወዳለው የዶን ድልድይ ነዳ። ጠባቂዎቹ የራሳቸው ወገን መስሏቸው ስላልተኮሱ ድልድዩ ሳይፈርስ ተያዘ። በማግስቱ ከሰሜንና ከደቡብ የመጡት የሶቪየት ኃይሎች ተገናኙ፤ በጄኔራል ጳውሉስ የሚመራው የጀርመን 6ኛ ሠራዊትም ስታሊንግራድ ላይ ተከበበ።

የዕድል ታሪክ የሚወዱ ሰዎች እዚህ ላይ «ጠባቂዎቹ ነቅተው ድልድዩን ቢያፈርሱትስ?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ከበባው ምናልባት ይዘገይ፣ ከ6ኛው ሠራዊት የተወሰነው ክፍልም ያመልጥ ነበር የሚል ነው። ነገር ግን በዚያው በ1942 ሶቪየት ኅብረት ወደ 24 ሺህ የሚጠጉ ታንኮችና በራሳቸው የሚንቀሳቀሱ መድፎች ስትሠራ፣ ጀርመን የሠራችው 9 ሺህ ገደማ ነበር። ይህ ልዩነት በካላች ድልድይ ላይ አልተፈጠረም፣ በድልድዩ መፍረስም አይጠፋም ነበር። እንዲያውም የጀርመን የጦር መሣሪያ ሚኒስትር የነበረው ፍሪትዝ ቶት በኖቬምበር 1941፣ ማለትም ከስታሊንግራድ አንድ ዓመት በፊት፣ ጦርነቱን በጦር ኃይል ማሸነፍ እንደማይቻል ለሂትለር በግልጽ ነግሮታል። አንዳንድ የታሪክ ሊቃውንት የዲሴምበር 1941ን የሞስኮ ውጊያ ከስታሊንግራድ የሚያስቀድሙት ለዚህ ነው። እነሱ የሚመልሱት «ጀርመን ማሸነፍ የማትችለው ከመቼ ጀምሮ ነው?» የሚለውን ጥያቄ ነው። «ጀርመን መምረጥ ያቆመችው መቼ ነው?» የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ ከሞስኮ ሽንፈት በኋላ በ1942 በጋ ቦታውንና ቀኑን የመረጠችው አሁንም ጀርመን ነበረችና።

ስታሊንግራድም ቢሆን ነገሩን በአንድ ጊዜ አልቋጨውም። ጳውሉስ ጃንዋሪ 31 ቀን 1943 እጁን ሰጠ፣ የመጨረሻዎቹ ወታደሮችም ፌብሩዋሪ 2 ተከተሉት፤ ነገር ግን በማርች የጀርመኑ አዛዥ ማንሽታይን መልሶ አጥቅቶ የካርኮቭን ከተማ ያዘ። የዳገቱ መኪና ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ሳለ ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ከጎማው ሥር ታኮ እንዳደረገ ማለት ነው፤ ታኮው ለጊዜው ያቆማል እንጂ መኪናውን ሽቅብ አይወስደውም። በጁላይ 5 ጀርመን ኩርስክ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ መርጣ አጠቃች፣ በሁለት ሳምንት ውስጥም ማጥቃቷን አቆመች። ከዚያ በኋላ በምሥራቁ ግንባር ታላላቆቹን ዘመቻዎች የምትመርጠው ሞስኮ ሆነች። እኔ ራሴ የምሥራቁን መታጠፊያ ከኖቬምበር 1942 እስከ ጁላይ 1943 ያሉት ስምንት ወራት አድርጌ ነው የማየው፤ አንድ ቀንና አንድ ከተማ ብቻ ጥቀስ ለሚለኝ ሰው የምሰጠው መልስ የለኝም።

ሚድዌይ ለተንታኙ የበለጠ ይመቸዋል፤ ይህን አምናለሁ። ጁን 4 ቀን 1942 ረፋድ ላይ አካጊ፣ ካጋና ሶርዩ የተባሉት የጃፓን አውሮፕላን ጫኝ መርከቦች በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ በአሜሪካ ቦምብ ጣዮች ተመተው ነደዱ፤ ሂርዩ ከሰዓት በኋላ ተከተለች። የደቂቃዎች ዕድል ውጊያን እንደሚወስን ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም። ይሁንና የአሜሪካ ምክር ቤት ግዙፉን የባሕር ኃይል ማስፋፊያ ሕግ ያጸደቀው በጁላይ 1940 ነበር፤ ኤሴክስ የተባለችው አዲስ አውሮፕላን ጫኝ በ1942 የመጨረሻ ቀን አገልግሎት ጀመረች፣ ጦርነቱ ሲያልቅም የእሷ ዓይነት መርከቦች 17 ደርሰው ነበር። አሜሪካ ሚድዌይ ላይ ብትሸነፍ ጦርነቱ ይረዝም ነበር፤ እነዚያ መርከቦች ግን መምጣታቸው አይቀርም ነበር። ሌላም መታረም ያለበት ነገር አለ። የጃፓን ምርጥ አብራሪዎች ሚድዌይ ላይ አለቁ የሚባለው ትክክል አይደለም፤ የሞቱት የበረራ ሠራተኞች 110 ገደማ ሲሆኑ አብዛኞቹ ተርፈዋል። የጃፓንን ልምድ ያላቸውን አብራሪዎች የበላው ከዚያ በኋላ በጓዳልካናልና በሰለሞን ደሴቶች ለወራት የቆየው ትግል ነው።

የኤል አላሜይን ነገር ወደ እኛ አካባቢ ያመጣናል፤ አንዳንድ ወገኖቻችን በ1941 የተደረገውን የከረን ውጊያ የዓለም ጦርነቱ መታጠፊያ ነው ሲሉ እሰማለሁና። ከረን ላይ ጣሊያኖች ከፌብሩዋሪ ጀምሮ አጥብቀው ተዋግተው ማርች 27 ተሸነፉ፣ ምፅዋ ኤፕሪል 8 ወደቀች፤ በዚያው ጊዜ አርበኞቻችን በጎጃምና በሌሎችም ቦታዎች ብዙ የጣሊያን ጦር ይዘው ነበር። ውጊያው በምሥራቅ አፍሪካ ዘመቻ ውስጥ ያለ ጥርጥር መታጠፊያ ነው። ለዓለም ጦርነቱ ያበረከተው ደግሞ ሌላ፣ ብዙም የማይነገርለት ነገር ነው። ኤፕሪል 11 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ የጦርነት ቀጠና መሆናቸው እንዳበቃ አስታወቁ፤ ገና ወደ ጦርነቱ ያልገባችው አሜሪካም መርከቦቿን እስከ ስዊዝ መላክ ቻለች። ቶብሩክ ከወደቀ በኋላ ሩዝቬልት ለእንግሊዞች የላኳቸው 300 ያህል የሸርማን ታንኮች ስዊዝ የደረሱት በዚሁ ባሕር በኩል ነው፤ በኦክቶበር 23 ቀን 1942 የእንግሊዙ ጄኔራል ሞንትጎመሪ ኤል አላሜይን ላይ ማጥቃት ሲጀምር ከፊት ከተሰለፉት መካከል እነሱ ነበሩ። ከረን ከመኪናው ጭነት ጋር የሚቆጠር እንጂ ጠምዛዛው አይደለም፤ እንዲህ ሲታይ ክብሩ የሚቀንስ አይመስለኝም።

የተንታኙ አነጋገር ሌላም ነገር ይሰውራል፤ ከመታጠፊያው በኋላ ያለው ጊዜ የማጠቃለያ ሥራ ብቻ ይመስላል። የሟቾች ቁጥር በየአገሩ በተለያየ መንገድ የተቆጠረ በመሆኑ አኃዞችን ማነጻጸር ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ የሆነ ሆኖ በጦርነቱ ከሞቱት የጀርመን ወታደሮች ግማሽ ያህሉ የሞቱት ከ1944 አጋማሽ በኋላ ነው። ሂትለር ከእንግዲህ ጦርነቱን ሊያሸንፍ አይችልም ነበር፤ መግደል ግን ይችል ነበር። ስታሊንግራድ ካበቃ ከአሥራ አምስት ወራት በኋላ፣ ከሜይ 1944 አጋማሽ እስከ ጁላይ መጀመሪያ ድረስ፣ ከ400 ሺህ በላይ የሀንጋሪ አይሁዶች በባቡር ተጭነው አብዛኞቹ ወደ አውሽዊትዝ ተወሰዱ።