የድሮው ሶል ድራም፦ ቅኝት፣ ፎጣና ጥቂት ማይክ

የ1960ዎቹን (ዘመኖቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የአሜሪካ ጥቁሮች ሙዚቃ፣ ሶልን፣ ስትሰሙ ድራሙ አይጮህም። ስኔሩ፣ ማለትም ድራመሩ ፊት ያለው ትንሹ ከበሮ፣ «ዷ» ይልና ወዲያው ዝም ይላል። ኪኩ፣ በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ፣ ትራስ በቡጢ እንደመምታት ነው። ሲምባሉ፣ የነሐስ ሳህኑ፣ ከሩቅ ነው የሚሰማው። ዛሬ ይህን ድምፅ የሚፈልጉ ድራመሮች የድሮ ዕቃ ሲያሳድዱ ይውላሉ። ዕቃው አይጎዳም፤ ግን በእኔ ግምት በመጨረሻ የሚመጣ ነገር ነው። መጀመሪያ ቅኝቱ፣ እጁና ክፍሉ።

ክፍሉን ለመረዳት አሜሪካ፣ ሜምፊስ ከተማ መሄድ ነው። ስታክስ ሪከርድስ የተባለው የሶል ሸክላ አሳታሚ ስቱዲዮውን ያቋቋመው ማክሌሞር ጎዳና ላይ፣ በአንድ አሮጌ ሲኒማ ቤት ውስጥ ነበር። ወለሉ እንደ ማንኛውም ሲኒማ ቤት ቁልቁል ያዘነበለ ነበር፤ ማንም አላስተካከለውም። የመቅረጫ ማሽኑን የገዙት ኤስቴል አክስተን ቤታቸውን አስይዘው በተበደሩት ገንዘብ ነው። ወንድማቸው ጂም ስቱዋርት ደግሞ የባንክ ሠራተኛ ነበሩ። እዚያው ከተማ የፕሮዲውሰሩ ዊሊ ሚቼል ሮያል ስቱዲዮም የድሮ ሲኒማ ቤት ነው። ዲትሮይት ያለው የሌላው ሸክላ አሳታሚ፣ የሞታውን፣ ስቱዲዮ ግን ከመኖሪያ ቤት ጀርባ የነበረ ጠባብ ክፍል ነው፤ ሙዚቀኞቹ «የእባብ ጉድጓድ» ይሉት ነበር። ሲኒማ ቤቱ ሰፊ፣ ጉድጓዱ ጠባብ፤ ድራሙም በዚያው ልክ ይለያያል።

የስታክሱ ድራመር አል ጃክሰን ጁኒየር (1935–1975) ስኔሩ ላይ የኪስ ቦርሳውን አስቀምጦ ይመታ ነበር ይባላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቆዳው ከተመታ በኋላ የሚቀጥለውን ጭራ ድምፅ ቦርሳው ያፍነዋል። በ1965 የአትላንቲክ ሪከርድስ ፕሮዲውሰር ጄሪ ዌክስለር ስቱዲዮ ገብተው በጊዜው የነበረ ጭፈራ እየጨፈሩ ሁለተኛው ምት ትንሽ ዘግየት እንዲል አሳዩ። ጃክሰንና ጊታሪስቱ ስቲቭ ክሮፐር ያዙት፤ ከዚያ በኋላ የስታክስ መለያ ሆነ። እንግዲህ ይህን መዘግየት የትኛውም ማይክ አይሰጣችሁም።

ወደ ቅኝቱ እንምጣ። ድሮ ድራም የሚለበጠው በጥጃ ቆዳ ነበር። ከበሮ የያዘ ሰው ጣጣውን ያውቀዋል፤ ሲዘንብ ይላላል፣ ፀሐይ ሲያገኝ ይወጠራል። በ1950ዎቹ መጨረሻ ማይላር የሚባል ፕላስቲክ መጥቶ ይህን ገላገለ። ለሶል ድምፅ የሚመረጠው ነጭ ቅብ ያለው ባለ አንድ ንብርብር የፕላስቲክ ቆዳ ነው፤ ቅቡ ሹል ድምፁን ትንሽ ያለዝበዋል።

ቆዳውን የሚወጥሩትን ብሎኖች ሁሉ አላሉና በእጅ እስኪይዝ ብቻ አጥብቁ። ከዚያ በድራም መፍቻ ሩብ ዙር፣ ሩብ ዙር። አንዱን ካጠበቃችሁ ቀጣዩ ከጎኑ ያለው ሳይሆን ከፊት ለፊቱ ያለው ነው። ከጠርዙ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ በየብሎኑ ፊት መታ መታ አድርጉ፤ ሁሉም እኩል ድምፅ እስኪሰጥ። የስኔሩን የላይ ቆዳ ላላ፣ የታቹን ጠበቅ አድርጉ። ቀጥሎ የታጠፈ ፎጣ ከላይ ጣል ማድረግ ነው፤ ሲሶውን ቢሸፍን ይበቃል። እኔ መጀመሪያ ሙሉውን ሸፍኜ ካርቶን የምደበድብ መስሎኝ ነበር። ኪኩ ላይ የፊቱን ቆዳ ሳትበሱ ተዉት፤ ከውስጥ ቆዳውን የሚነካ ቀጭን ጨርቅ ይበቃዋል።

ቀረጻው ላይ ደግሞ ዋናው ነገር ቁጥሩ ማነሱ ነው። አንድ ማይክ ከላይ፣ አንድ ኪኩ ፊት። የላይኛው ሪበን ማይክ (በቀጭን የብረት ጥብጣብ ድምፅ የሚይዝ) ከሆነ የሲምባሉን ስለት ይቀንሰዋል። ከላይ ሁለት ከሰቀላችሁ ክር ውሰዱና ከስኔሩ መሃል እስከ እያንዳንዱ ማይክ ለኩ። ርቀቱ እኩል ካልሆነ የስኔሩ ድምፅ ሁለቱ ማይኮች ጋ በተለያየ ጊዜ ይደርስና ይቀጥናል። ማይኩ ጥቂት ሲሆን ሚክሰሩ፣ ድምፆቹን የሚያመጣጥነው፣ ድራመሩ ራሱ ነው። ሃይ-ሃቱን (በእግር የሚከፈቱትንና የሚዘጉትን ጥንድ ሲምባሎች) አጥብቆ ከመታ በኋላ በኋላ ላይ የሚያድነው የማሽን ቁልፍ የለም። ለዚህ ነው የድሮዎቹ ሲምባሉን ዳሰስ፣ ስኔሩን ጠንከር የሚያደርጉት። ጊታሩና ቤዙም እዚያው ክፍል ስለሚጫወቱ የድራሙ ድምፅ እነሱ ማይክ ውስጥ ይገባል። ያ መፍሰስ እንደ ጥፋት አይታይም፤ ክፍሉ የሚሰማው በእሱ ነው። የመቅረጫው ቴፕም ድምፁ ከመጠን ትንሽ ሲያልፍበት የምቱን ሹል ጫፍ ያደበዝዘዋል።

ይህ ሁሉ የሙዚየም ነገር ብቻ አይደለም። በ2001 ብሩክሊን ውስጥ የተመሠረተው ዳፕቶን ሪከርድስ ባለ ስምንት ትራክ ቴፕ ይዞ ይኸንኑ መንገድ መረጠ። የቤቱ ባንድ ዳፕ-ኪንግስ በ2006 በወጣው የእንግሊዛዊቷ ዘፋኝ ኤሚ ዋይንሃውስ አልበም ላይ ሲጫወት ዓለም ድምፁን እንደ አዲስ ሰማው።

አዲስ አበባም ከዚህ ሩቅ አልነበረችም። ዓለማየሁ እሸቴን «የኢትዮጵያ ጄምስ ብራውን» ያሰኘው ያው የሶል ፍቅር ነው። አምሃ ሪከርድስ ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ካወጣቸው ሸክላዎች አንዱን በጥሩ ማዳመጫ ስሙ። ድራሙ ከነፋሾቹ ጀርባ ቁጭ ብሎ፣ አጭርና ደረቅ ሆኖ ይመታል።