ብሪታንያ ከስዌዝ ምሥራቅ እንዴት ጠቅልላ ወጣች

"ከስዌዝ ምሥራቅ" የሚለው አነጋገር በብሪታንያ ፖለቲካ ከስዌዝ ቦይ ወዲያ ያለውን ወታደራዊ ይዞታ ሁሉ ያጠቃልል ነበር። የየመን ወደብ የሆነችው ኤደን፣ የፋርስ ባሕረ ሰላጤ ሼኮች ግዛቶች፣ ሲንጋፖርና ማሌዢያ፣ የህንድ ውቅያኖስ ደሴቶች ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ከ1956 እስከ 1971 ባሉት ዓመታት ይህ ይዞታ አብዛኛው ተለቀቀ። በአማርኛ ስለ እንግሊዞች የምናነበው አብዛኛውን ጊዜ ጣሊያን በተባረረበት ዘመቻ ላይ ያበቃል። ቀጣዩ ታሪክ ግን ትልቁ ክፍሉ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ፣ እደጃችን ላይ የተፈጸመ ነው። እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጁላይ 26 ቀን 1956 የግብጹ ጋማል አብደል ናስር የስዌዝ ቦይ ኩባንያን ወረሰ። ጠቅላይ ሚኒስትር አንተኒ ኢደን ከፈረንሳይና ከእስራኤል ጋር በድብቅ ተስማማ። (የሰውየውና የወደቡ ስም ለአማርኛ አንባቢ መምታታቱ አይቀርም፤ ሰውየውን ኢደን፣ ወደቡን ኤደን እያልኩ እቀጥላለሁ።) እስራኤል ኦክቶበር 29 ሲና ገባች። እንግሊዝና ፈረንሳይ "አስታራቂ" መስለው ተከተሉ። ወታደሮቻቸው ፖርት ሳይድ ላይ በወረዱ በማግስቱ ግን ተኩስ አቁም ታወጀ። ያስቆማቸው የግብጽ መድፍ ሳይሆን የፓውንድ መውደቅ ነበር። የውጭ ምንዛሪው እየተሟጠጠ ሳለ አሜሪካ ጦርነቱ ካልቆመ ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ብድር እንዲገኝ አልረዳም አለች። ጦርነቱን አጥብቆ ሲገፋ የነበረው የገንዘብ ሚኒስትሩ ሃሮልድ ማክሚላን የካዝናውን ነገር ለካቢኔው የተናገረውም እሱ ራሱ ነበር። ኢደን በጃንዋሪ 1957 ለቀቀ። ተተኪው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ማክሚላን።

የማክሚላን ዘመን በአፍሪካ ነጻነት፣ በኑክሌር ሚሳይል ግዢና በአውሮፓ ማኅበር የአባልነት ማመልከቻ የተሞላ ነው። ማመልከቻውን የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ዴጎል በ1963 ውድቅ አደረገው፤ በ1967 ደግሞ ደገመው።

ኤደን ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል። እንግሊዞች ወደቡን የያዙት በ1839 ነው። በ1950ዎቹ ነዳጅ ለመቅዳት በሚቆሙ መርከቦች ብዛት ከዓለም ዋና ዋና ወደቦች አንዱ ነበር። በ1954 የነዳጅ ማጣሪያ ተከፈተበት። ለእኛም ሩቅ አገር አልነበረም። የሐረር ቡናና የአገራችን ቆዳ ለብዙ ዘመን በኤደን ነጋዴዎች እጅ አልፏል፤ አየር መንገዳችንም ሥራ ሲጀምር ከመጀመሪያዎቹ የውጭ መዳረሻዎቹ አንዱ ኤደን ነበር። እንግሊዞች ሶማሊላንድን በ1940 ለጣሊያን ለቀው የሸሹት ወደዚያው ነው፤ በዓመቱ መልሰው ሲይዟትም ጦሩ የተነሣው ከዚያው ነው።

በዲሴምበር 1963 ኤደን አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የእንግሊዙ ከፍተኛ ኮሚሽነር ላይ የእጅ ቦምብ ተወረወረ። አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከዚያ ወዲያ ከተማይቱ ሰላም አላገኘችም። በፌብሩዋሪ 1966 ለንደን ያወጣችው የመከላከያ ሰነድ ደግሞ ነገሩን አባሰው። ኤደን በ1968 ነጻ ስትወጣ የጦር ሰፈሩም አብሮ እንደሚዘጋ አስታወቀ። በእንግሊዝ ጥበቃ ተማምነው የተሰለፉት የአካባቢው ሼኮች ሜዳ ላይ ቀሩ። እንግሊዝን ሲወጉ የነበሩት ታጣቂዎችም የሚሄድን ሰው ማን ይለማመጣል ብለው እርስ በርስ መፋለም ጀመሩ። ጁን 20 ቀን 1967 ክሬተር በሚባለው አሮጌ ሰፈርና በአካባቢው ከ20 በላይ የእንግሊዝ ወታደሮች በአንድ ቀን ተገደሉ። ክሬተር ለሁለት ሳምንት ያህል ከእጃቸው ወጣ። አንድ የስኮትላንድ ሬጅመንት በከረጢት ዋሽንት ታጅቦ መልሶ ገባበት። ለእንግሊዝ ጋዜጦች ይህ ጀግንነት ነበር። ኗሪዎቹ ያዩትን ግን እነዚያ ጋዜጦች ብዙም አልጻፉም።

ኖቬምበር 28 ቀን 1967 የመጨረሻው ከፍተኛ ኮሚሽነር ሃምፍሪ ትሬቬልያን ሲሸኝ የባሕር ኃይሉ ባንድ "ነገር እንደ ድሮው አይደለም" የሚል መንፈስ ያለው ቀልደኛ ዘፈን ተጫወተ። በማግስቱ የመጨረሻዎቹ ወታደሮች በሄሊኮፕተር ወጡ። በዚያው ዓመት ጁን ስዌዝ ቦይ በአረቦችና በእስራኤል ጦርነት ተዘግቶ ስለነበር ወደቡ ራሱ ባዶውን ቀርቷል። ቦዩ እስከ 1975 አልተከፈተም።

የቦዩ መዘጋት ለንደንም ደረሰ። ፓውንድ ቀድሞም ሕመምተኛ ነበር፤ ኖቬምበር 18 ቀን 1967 ከ2.80 ወደ 2.40 ዶላር ዝቅ ተደረገ። ጠቅላይ ሚኒስትር ሃሮልድ ዊልሰን በቴሌቪዥን ቀርቦ "በኪሳችሁ ያለው ፓውንድ አልረከሰም" ዓይነት ማጽናኛ ተናገረ። ተላገጡበት። አዲሱ የገንዘብ ሚኒስትር ሮይ ጄንኪንስ ወጪ ቁረጡ አለ። ጃንዋሪ 16 ቀን 1968 ዊልሰን ለፓርላማው ጦሩ ከሩቅ ምሥራቅና ከባሕረ ሰላጤው እስከ 1971 መጨረሻ እንደሚወጣ አስታወቀ። በዚያው ንግግር ከአሜሪካ ሊገዙ የነበሩ 50 ኤፍ-111 የጦር አውሮፕላኖች ተሰረዙ፤ የመድኃኒት ማዘዣ ክፍያም እንደገና ተጣለ። ዊልሰን እኮ በ1951 ለጥርስና ለመነጽር ክፍያ ለምን ተጣለ ብሎ ከሚኒስትርነት የለቀቀ ሰው ነው! ቀነ ገደቡ በመጀመሪያ ማርች 1971 ነበር። የሲንጋፖሩ ጠቅላይ ሚኒስትር ሊ ኩዋን ዩ ራሱ ለንደን ድረስ ሄዶ ተከራክሮ ዘጠኝ ወር አስጨመረ።

በዚህ ሁሉ የሚያሳዝነኝ ጎሮንዊ ሮበርትስ የሚባለው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ዴኤታ ነው። በኖቬምበር 1967 ባሕረ ሰላጤ ድረስ ተልኮ "የትም አንሄድም" ብሎ ሼኮቹን አረጋጋ። በጃንዋሪ ተመልሶ "እንሄዳለን" እንዲል ተላከ። ከገዢዎቹ አንዳንዶቹ የጦሩን ወጪ እንሸፍን ብለው ነበር። የመከላከያ ሚኒስትሩ ዴኒስ ሂሊ "የአረብ ሼኮች ቅጥረኛ አንሆንም" የሚል ጠንካራ ቃል ተናገረና በኋላ ይቅርታ ጠየቀ። በ1971 ባሕሬንና ካታር ነጻ ወጡ፤ ዲሴምበር 2 ቀን የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ተመሠረተች። ዛሬ ብዙ ወገኖቻችን የሚሠሩባቸው አገሮች በዚህ ቅርጽ የቆሙት ያኔ ነው። ኢራን ከዚያ ሁለት ቀን ቀደም ብላ አቡ ሙሳና ሁለቱ ቱንብ ደሴቶች ላይ ጦር አሰፈረች። ኤምሬቶች ተወረርን ትላለች፤ ኢራን ቀድሞም የኔ ነበሩ ትላለች።

አንድ ነገር ከአዲስ አበባ ጋር በቀጥታ ይያያዛል። የሮዴዥያ (የዛሬዋ ዚምባብዌ) ነጮች ኖቬምበር 11 ቀን 1965 በራሳቸው ነጻነት ሲያውጁ ዊልሰን ኃይል አልጠቀምም አለ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሚኒስትሮች በዲሴምበር መጀመሪያ እኛ ከተማ ተሰብስበው፣ ብሪታንያ አመፁን ካላፈረሰች አባላት ግንኙነታቸውን እንዲያቋርጡ ወሰኑ። ታንዛኒያና ጋናን ጨምሮ ጥቂቶች ፈጸሙት። ውሳኔው ቤታችን የተወሰነ ቢሆንም ኢትዮጵያ ግን አላቋረጠችም፤ ንግሥት ኤልሳቤጥ በዚያው ዓመት መጀመሪያ አገራችንን ጎብኝታ ነበር።

"ወጣን" ሲሉም ሙሉ በሙሉ አልወጡም። በ1965 በህንድ ውቅያኖስ ያሉትን ቻጎስ ደሴቶች ከሞሪሸስ ነጥለው 3 ሚሊዮን ፓውንድ ከፈሉ፤ ከመካከላቸው ትልቋን ዲዬጎ ጋርሲያንም ለአሜሪካ ጦር ሰፈር ሰጡ። ኗሪዎቹ እስከ 1973 ተጠርገው ተባረሩ። ይህ ግፍ እንደነበር ዛሬ ለንደንም አትክድም። ባሕሬን ውስጥ በ1971 የተዘጋው የባሕር ኃይል ሰፈር ጁፌር ይባል ነበር። በ2018 ሚና ሳልማን ወደብ ላይ አዲስ ሰፈር ሲመረቅ አሮጌው ስም ተመልሶ ተሰቀለ።