የሴክተር ካርታ የግድግዳ ጌጥ አይደለም

ባሕር ዳር ውስጥ የጠረጴዛ ላይ የሚና ጨዋታ እመራለሁ፤ ተጫዋቾች የታሪኩን ሰዎች ሆነው የሚያደርጉትን ይናገራሉ፣ መሪው የሚከተለውን ይተርካል። የሴክተር መጽሐፉን ባወጣሁ ቁጥር ተጫዋቹ ይለወጣል እንጂ ስሕተቱ ያው ነው። አንዴ ጽፌው ልገላገል።

ለማያውቀው፣ የሴክተር መጽሐፍ የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ጨዋታ የሚካሄድበትን የጠፈር ክፍል በካርታና በአጭር መግለጫ የሚያቀርብ ተጨማሪ መጽሐፍ ነው። የምናገረው እ.ኤ.አ. በ1977 ስለ ወጣው ስለ ትራቨለር ሥርዓት ነው። በዚያ ሥርዓት አንድ ሴክተር ወርዱ 32፣ ቁመቱ 40 ባለ ስድስት ጎን ቤት ነው፤ አንዱ ቤት አንድ ፓርሴክ፣ ማለትም 3.26 የብርሃን ዓመት ነው።

የምሰማቸው ስሕተቶች እነሆ። «ጨዋታው ውድ ዕቃ ይፈልጋል።» ሁለት የሉዶ ዳይስ፣ ወረቀትና እርሳስ ይበቃል።

«ጠፈር ጠፍጣፋ አይደለም፤ ካርታው ስሕተት ነው።» ይህን የሚለው ሁልጊዜ ፊዚክስ የተማረ ሰው ነው። ልክ ነህ ወንድሜ። ርቀት በጣት እንዲቆጠር ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። እንቀጥል።

«ግዙፍ የጋዝ ፕላኔት ሰው ስለማይኖርበት አይጠቅምም።» መርከቧ ለዝላይ፣ ማለትም ከብርሃን ፈጥና ከኮከብ ወደ ኮከብ ለምትሄድበት ጉዞ፣ የሚያስፈልጋትን ሃይድሮጂን ያለ ክፍያ የምትቀዳው ከእርሱ ደመና ነው። በካርታው ላይ ምልክት የተደረገበት ለውበት መሰላችሁ?

«የሕዝብ ቁጥሩ 6 የሆነ ዓለም 3 ከሆነው በእጥፍ ይበልጣል።» አይበልጥም፤ በሺህ እጥፍ ይበልጣል እንጂ። አኃዙ የሚነግረን ከአንድ በኋላ ስንት ዜሮ እንዳለ ነው፦ 3 ማለት ሺዎች፣ 6 ማለት ሚሊዮኖች፣ 9 ማለት ቢሊዮኖች። አንድ የጨዋታ መሪ ሕዝቧ 3 በሆነ ዓለም ላይ ሦስት ከተማና አንድ ክፍለ ጦር ሲያሰፍር አይቻለሁ። ያቺ ዓለም እኮ የአንድ ቀበሌ ሕዝብ እንኳ ላይኖራት ይችላል! ከማስፈራችሁ በፊት ሠንጠረዡን አንብቡ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ፦ «በጠፈር ዘመን ወሬ ወዲያው ይደርሳል።»

ደብረ ማርቆስ በእንግድነት በተቀመጥኩበት ጠረጴዛ ላይ ተጫዋቾቹ በሴክተሩ ዳርቻ አንዲት የጭነት መርከብ ሰረቁ። በማግሥቱ ጠዋት 12 ቤት ርቃ ካለችው ዋና ከተማ የጦር መርከቦች ደረሱባቸው። መሪው «ገዥው ደውሎ ተናገረ» አለን። በምን ደወለ? ሬዲዮ ከብርሃን አይፈጥንም፤ ያንን ርቀት ለመሄድ 39 ዓመት ይፈጅበታል። በዚህ ሥርዓት ከብርሃን ቀድሞ የሚሄድ መርከብ ብቻ ነው፤ አንድ ዝላይም አንድ ቤትም ይሁን ስድስት አንድ ሳምንት ያህል ይፈጃል። በአንድ ዝላይ 2 ቤት የምትሄድ መርከብ 12ቱን ቤት በስድስት ሳምንት ትጨርሳለች፤ ነዳጅ ለመቅዳት የምትቆምበትን ሳልቆጥር። ጦሩም በዚያው ፍጥነት ከመጣ ሌላ ስድስት ሳምንት ጨምሩ። ዓለሟ 4 ቤት በሚዘልሉ የፖስታ መርከቦች መስመር ላይ ካለች ወሬው በሦስት ሳምንት ይደርሳል። ከመስመሩ ውጭ ከሆነች ገዥው መንገደኛ ነጋዴ እስኪያገኝ ደብዳቤውን ይዞ ይቀመጣል።

ይህ ለጎጃም ሰው ሊከብድ አይገባም ነበር። ስልክ ሳይመጣ በፊት፣ ክረምት ላይ ዓባይ ሲሞላ የሸዋ ወሬ ማዶ ቆሞ ይጠብቅ ነበር፤ እዚህ ያለው ገዥም ትእዛዝ እስኪመጣ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም ነበር።

መሪው በአንድ ስልክ ያጠፋው ይህንን ሁሉ ነው። የዳርቻው ገዥ ማንንም ሳያማክር የሚፈርደው፣ ነጋዴ በወር ዕድሜ ባለው ዋጋ ተማምኖ ጭኖ የሚከስረው፣ የሞተ ንጉሥ ስም ለሳምንታት ማኅተም ላይ የሚቆየው በዘገየ ወሬ ነው።

የጨዋታ መሪዎች ሆይ፣ 1,280 ቤት ለመሙላት አትድከሙ፤ ብዙው ባዶ ነው። 80 ቤት ያለውን አንዱን ንዑስ ሴክተር ያዙ። ዋና ከተማዋን ምረጡና በእያንዳንዱ ዓለም ስም አጠገብ የዋና ከተማዋ ወሬ ስንት ሳምንት ቆይቶ እንደሚደርስ በእርሳስ ጻፉ። ተጫዋቾች አንድ ነገር ባደረጉ ቁጥር ቀኑን መዝግቡ፤ የጨዋታ ቀን መቁጠሪያ የሌለው መሪ ሴክተር ባይከፍት ይሻላል። ከዚያም ወሬው በየትኛው መርከብ፣ በየት በኩል እንደሚሄድ ወስኑ፤ ተጫዋቾቹም መንገዱን መሰለል ይችሉ ዘንድ ፍቀዱላቸው።

እኔ ያንኑ የተሰረቀ መርከብ ታሪክ በራሴ ጠረጴዛ እንደገና አጫወትኩት። ልጆቹ ፖስታዋ በየት እንደምታልፍ ከወደብ ሠራተኛ አጣርተው፣ አንድ ዝላይ ቀድመዋት መርከቧን ሸጡ። ሲፎካከሩ ያሰሙት ጩኸት ጎረቤት አስነሥቷል። የገዥው ደብዳቤ ግን አሁንም መንገድ ላይ ነው፤ የሚደርስበትን ቀን መዝግቤ ይዣለሁ፤ ለልጆቹ አልነገርኳቸውም።