«ጥሩ ካሜራ ቢኖረኝ ኖሮ…»፦ ፎቶ ስንማር የሚያስቱን ወሬዎች

አንድ ሰው ደስ የሚል ፎቶ ሲያሳየን የመጀመሪያ ጥያቄያችን «በምንድን ነው ያነሳኸው?» ነው። «ስንት ሰዓት ላይ?» ወይም «የት ቆመህ?» ብሎ የሚጠይቅ ብዙ የለም። ፎቶው ግን በአብዛኛው የሚወጣው ከእነዚህ ከሁለቱ ነው። ለእንጀራው ሳይሆን ለራሱ ደስታ ፎቶ የሚያነሳ ሰው፣ በስልክም ይሁን ከውጭ ዘመድ በላከለት ያገለገለ ካሜራ፣ ገና ሲጀምር ጆሮው በወሬ ይሞላል። ግማሹ ወሬ ገንዘብ ያስወጣል፣ ግማሹ ተስፋ ያስቆርጣል። በብዛት የምሰማቸውን አንድ በአንድ እንያቸው።

«48 ሜጋፒክስል ከ12 አራት እጥፍ ይበልጣል»

ስልክ ልትገዙ መርካቶ ወይም መገናኛ ስትሄዱ ሻጩ አስቀድሞ የሚነግራችሁ ይህንን ቁጥር ነው። ሜጋፒክስል ፎቶው የተሠራባቸው ነጥቦች (ፒክስሎች) ብዛት በሚሊዮን ነው። ቁጥሩ ውሸት አይደለም። ጥቅሙ ግን የሚወራውን ያህል አይደለም። ፎቶ ቤት የምናሳትመው የተለመደው 10 በ15 ሳንቲሜትር ፎቶ ጥርት ብሎ ለመውጣት ከ2 ሜጋፒክስል ትንሽ አለፍ ያለ ይበቃዋል። በኤ4 ወረቀት ልክ ለማሳተም እንኳ 9 ገደማ ነው። ፉል ኤችዲ የሚባለው ቴሌቪዥን ራሱ በጠቅላላው የሚያሳየው 2 ሜጋፒክስል ብቻ ነው።

ደግሞም ብዙዎቹ ባለ 48 ወይም ባለ 50 ሜጋፒክስል ስልኮች በተለመደው አሠራራቸው አራት አራቱን ፒክስል አንድ እያደረጉ 12 ገደማ ሜጋፒክስል ፎቶ ነው የሚያስቀምጡት። ብርሃኑን የሚቀበለው የስልክ ሴንሰር ከትንሿ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም። ያንን ቦታ ለ48 ሚሊዮን ስታካፍሉት ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ብርሃን እዚህ ግባ የማይባል ነው። ፉል ፍሬም የሚባሉት ካሜራዎች ሴንሰር 36 በ24 ሚሊሜትር ነው። ሲመሽ ልዩነቱ ፍጥጥ ብሎ የሚታየው ለዚህ ነው።

«ካሜራዬ ጥራት የለውም» የሚለኝን ሰው ሁለት ነገር እጠይቀዋለሁ። አንደኛ፣ ሌንሱን ጠርገኸዋል? ኪስ ውስጥ የዋለ ስልክ ሌንሱ ላይ የጣት ቅባት አለ። ማታ አምፖሉ ሁሉ ጭጋግ የለበሰ የሚመስለው ከዚያ ነው። ሁለተኛ፣ ፎቶውን ያየኸው ቴሌግራም ላይ ነው? ቴሌግራም እንደ ፎቶ ሲላክበት ያሳንሰዋል። እንደ ፋይል ላኩት፤ እንዳነሳችሁት ይደርሳል።

«ፎቶ ፀሐይ ደመቅ ስትል ነው»

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ የምትርቀው 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ቀትር ላይ ፀሐይ ከፍ ብላ ነው የምትውለው። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ ጭራሽ ቀጥ ብላ አናት ላይ ትወጣለች፤ የቆመ ዘንግ ጥላ የለውም ማለት ይቻላል። በዚህ ሰዓት ሰው ስታነሱ ዓይኑ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፣ የአፍንጫው ጥላ ከንፈሩ ላይ ይወርዳል፣ ግንባሩ ይቃጠላል። ሰርግ ላይ ከቀኑ 7 ሰዓት ተሰልፈው የተነሱ ዘመዶች ሁሉ የተጣሉ የሚመስሉት ስለተጣሉ አይደለም።

መፍትሔው ጥላ ነው። የሱቅ ታዛ፣ የበረንዳ ጫፍ፣ የሕንፃ ጎን። ዛፍ ሥር ከሆነ ተጠንቀቁ፤ በቅጠሉ መሃል የሚሾልከው ብርሃን ፊት ላይ ጠቃጠቆ ይሠራል። ሰውየውን ከጥላው ጠርዝ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ አስገቡት፣ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሩት። ፊት ለፊቱ ያለው መሬት ወይም ነጭ ግድግዳ ብርሃን ይመልስለታል። ዓይኑ ውስጥ ትንሽ ብልጭታ ካያችሁ ቦታውን አገኛችሁት ማለት ነው።

የዚህ ወሬ ወንድም «ክረምት ለፎቶ አይሆንም» የሚለው ነው። እኔ ሰው ለማንሳት ከክረምት የተሻለ ጊዜ አላውቅም። ደመናው እንደ ነጠላ ነው፤ ኃይለኛውን ብርሃን አጣርቶ ያወርደዋል። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ጋብ ካለ ቀኑን ሙሉ፣ ቀትርም ሳይቀር ፊት ያምራል። አረንጓዴው ይጠግባል፤ አስፋልቱ ላይ የቋጠረው ውሃ የመኪናውን መብራት ይመልሳል። ሰማዩን ብቻ ከፎቶው አስወጡት፤ ነጭ ሆኖ ዓይን ይወስዳል።

የማታውን ወርቃማ ብርሃን በተመለከተ የአውሮፓ ቪዲዮዎችን አትመኑ። እዚያ ፀሐይ በሰያፍ፣ ቀስ ብላ ነው የምትጠልቀው። እዚህ ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው። ስቶክሆልም ያለ ዘመዳችሁ በሐምሌ ምሽት ተረጋግቶ የሚያነሳበት ብርሃን አዲስ አበባ ላይ ግማሽ ሰዓት ገደማ ቢቆይ ነው። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ቦታ ይዞ መጠበቅ ነው እንጂ ብርሃኑን አይቶ ከቤት መውጣት አያዋጣም።

«ካሜራው ራሱ ያስተካክለዋል»

ካሜራ ከፊቱ ያለው ነገር ነጭ ይሁን ጥቁር አይገባውም። ብርሃን ሲለካ የሚያየው ሁሉ ሲደባለቅ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ይገምታል። ብዙ ቀን ግምቱ ይሠራለታል። የጥምቀት ዕለት ግን አይሠራለትም። ጃንሜዳን የሞላው ሰው ነጭ ለብሷል። ካሜራው ብርሃኑ የበዛ መስሎት ያጨልመዋል። ነጠላው አመድ ይመስላል፣ ፊት ሁሉ ይጠቁራል። አዳዲስ ስልኮች ፊት ለይተው ለማስተካከል ይሞክራሉ፤ ሕዝቡ ሲበዛና ፊቱ ሲያንስ ግን እነሱም ይስታሉ።

ስልክ ላይ ፊቱን ንኩት፤ አጠገቡ የምትመጣውን የፀሐይ ምልክት ወደ ላይ ግፏት። ካሜራ ላይ ደግሞ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበት ቁልፍ አለ። ነጭ ሲበዛ ወደ መደመር፣ እስከ 1 ድረስ። ጠይም ሰው ጠቆር ያለ ካፖርት ለብሶ ጥቁር ግድግዳ ሥር ሲቀመጥ ተቃራኒው ይሆናል። ካሜራው የጨለመ መስሎት ያበራዋል፤ ቆዳው ወዙን አጥቶ ይገረጣል። ያኔ ወደ መቀነስ።

የቆዳ ነገር የቆየ ታሪክ አለው። በፊልም ዘመን ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች የቀለም ማመሳከሪያ ካርድ ይልክ ነበር። ካርዱ ላይ ያለችው ሴት ነጭ ነበረች፤ ካርዱም «ሸርሊ» ይባል ነበር። ቀለሙ ለእሷ ሲስተካከል ጠቆር ላለ ቆዳ ተበላሸ። የተለያየ የቆዳ ቀለም ያላቸው ሴቶች አብረው ያሉበት ካርድ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2021 ከፒክስል 6 ስልኩ ጋር «ሪል ቶን» የሚል ነገር ይዞ ሲመጣም ሊያስተካክል የፈለገው ይህንኑ የቆየ ጉድለት ነበር። ስለዚህ የእናታችሁ ፊት ጠቁሮ ወይም ገርጥቶ ሲወጣ «እሷ ድሮም ፎቶ ላይ አታምርም» አትበሉ።

«ቤቱ ጨለማ ነው፣ ፍላሽ አብራ»

የስልክ ፍላሽ ከሁለት ሦስት ሜትር በላይ አቅም የለውም። ኮንሰርት ላይ የሚያበራ ሰው ከፊቱ የቆመውን ሰው ጀርባ ነው የሚያበራው። ቤት ውስጥ ደግሞ ያለውንም ያበላሻል።

ቡና ሲፈላ አስቡት። ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ ረከቦቱ ላይ ሲኒዎቹ ተደርድረዋል፣ ዕጣኑ ይጨሳል። ፍላሽ ስታበሩ የሲኒዎቹ ጠርዝ ያንጸባርቃል፣ ከኋላ ያለው ቤት ይጨልማል፣ ጭሱ ደብዛው ይጠፋል። ጭስ ፎቶ ላይ የሚታየው ብርሃን ከኋላው ወይም ከጎኑ ሲመጣ፣ ከጀርባውም ጠቆር ያለ ነገር ሲኖር ነው። እንግዲህ ፍላሹን ተዉት፤ የጣሪያውንም አምፖል አጥፉ። በር የሚገባው ብርሃን ሰማያዊ ቢጤ ነው፣ አምፖሉ ቢጫ፤ ሁለቱ አንድ ፊት ላይ ሲገናኙ ፊቱ ሁለት ቀለም ይሆናል። በሩን ወለል አድርጋችሁ ክፈቱ። ቡና የምታፈላዋ ለበሩ ጎኗን ሰጥታ ትቀመጥ። እናንተ ወደ ውስጠኛው ጥግ ግቡ፤ ብርሃኑ በትንሹ ወደ እናንተ ይምጣ፣ በሩ ራሱ ግን ፎቶው ውስጥ አይግባ። ከዚያ ጀበናው ዘንበል እስኪል ጠብቁ።

እዚህ ላይ ካሜራ ያላቸው ሰዎች «አይኤስኦ ከ800 ካለፈ ፎቶ አይደለም» ይላሉ። አይኤስኦ ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት ነው፤ ሲጨምር ፎቶው ላይ አሸዋ የተበተነ ይመስላል፤ እውነት ነው። ግን የምትቀዳው እጅ እንዳትደበዝዝ ሹተሩ፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ፣ ከ1/125 ሰከንድ ገደማ መርዘም የለበትም። ለዚያ አይኤስኦ 3200 ካስፈለገ 3200 ይሁን። አሸዋውን በኋላ በስልክ መተግበሪያም መቀነስ ይቻላል። ተንቀሳቅሶ የደበዘዘን እጅ ግን ማንም አይመልሰውም።

አምፖል ሥር ስታነሱ ፎቶው ላይ ጥቁር ሰንበር ከመጣም ካሜራው አልተበላሸም። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ነው። ብዙ ፍሎረሰንትና ርካሽ ኤልኢዲ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ደብዘዝ ይላሉ። ዓይናችን አያየውም፣ ፈጣን ሹተር ግን ይይዘዋል። 1/100 ወይም 1/50 አድርጉት፣ ሰንበሩ ይጠፋል። አሜሪካ ያላችሁ 60 ኸርዝ ስለሆነ 1/120 ወይም 1/60።

ቶሎ ቶሎ የምናልፋቸው

«በማኑዋል ካላነሳህ ፎቶግራፈር አይደለህም።» ሁሉንም ራስህ በእጅ ካላስተካከልክ ማለታቸው ነው። ብዙ ባለሙያዎች መደወያውን «ኤ» ላይ፣ ካኖን ከሆነ «ኤቪ» ላይ አድርገው ነው የሚውሉት። የሌንሱን ክፍተት እነሱ ይመርጣሉ፣ ሹተሩን ካሜራው ያሰላል። ማኑዋልን ማወቅ ጥሩ ነው፤ ልጁ እየሮጠ መደወያ ማሽከርከር ግን ልጁን ማስመለጥ ነው።

«ስልክ አፍንጫ ያሳብጣል።» ስልኩ ሳይሆን ቅርበቱ ነው። በክንድ ርቀት ሲነሳ ከካሜራው ቅርብ የሆነው አፍንጫ ይገዝፋል፣ ጆሮ ይሸሻል። ሁለት ሜትር ያህል ራቁ፣ ከዚያ 2 እጥፍ ዙም አድርጉ። ከዚያ በላይ ጣት ከፍቶ ማጉላት ግን ሌላ ሌንስ ለሌለው ስልክ ፎቶውን መቁረጥ ብቻ ነው።

«ላሊበላ ካልሄድኩ ምን አነሳለሁ?»

ላሊበላ ሄዶ የመጣ ጀማሪ ይዞት የሚመለሰው ሁሉም ሰው ያነሳውን የቤተ ጊዮርጊስን ጣሪያ ነው። ቦታውን ስላልለመደው ሥራውን ሁሉ ቦታው ይሠራለታል። መሻሻል የሚመጣው በየቀኑ ከምታዩት ነገር ነው። የሰፈራችሁን ሱቅ ምረጡ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ ቀትር ላይ፣ ማታ አምፖሉ ሲበራ አንሱት። ባለሱቁ በመስኮቷ ፊቱን ብቅ የሚያደርገው መቼ እንደሆነ፣ ከምን ከፍታ ስታነሱት የተደረደረው ሳሙናና ብስኩት ከኋላው እንደሚታይ ታውቃላችሁ። የታክሲ ሰልፍም እንዲሁ ነው፤ ለመጠበቅ መቆማችሁ አይቀርም።

ሌላው ልምምድ ካሜራ አይጠይቅም። ወሩ ሲያልቅ ያነሳችሁትን ተቀምጣችሁ እዩ፤ ያልሆኑትን በተለይ። ተንቀሳቅሷል? ፎከሱ ሌላ ቦታ አርፏል? ብርሃኑ ከላይ ነበር? ወይስ ሩቅ ነበራችሁ? የጀማሪዎችን ፎቶ ሳይ አብዝቼ የማገኘው የመጨረሻውን ነው። ሰው መቅረብ ያሳፍራል፣ ስለዚህ ከመንገዱ ማዶ ሆነን እናነሳለን። የሌሎችንም ማየት ይጠቅማል፤ በስልክ ብቻ ሳይሆን ታትሞ የተሰቀለውን። ፎቶግራፍ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 የጀመረችው አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለው የፎቶ ፌስቲቫል እንዲህ ዓይነቱን ዕድል አዲስ አበባ ድረስ ያመጣ ነው።

«ኤዲት ማድረግ ማጭበርበር ነው»

ያልተነካ ፎቶ የሚባል የለም። ስልካችሁ ገና ቁልፉን ስትነኩ ብዙ ፎቶዎችን ደራርቦ፣ ቀለሙን መርጦ፣ ጠርዙን አጥርቶ አውጥቶላችኋል። በፊልም ዘመንም አሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ አንሰል አዳምስ ፎቶ በሚያጥብበት ጨለማ ክፍሉ ውስጥ የሰማዩን ጥግ ለይቶ ሲያጠቁር፣ ድንጋዩን ለይቶ ሲያበራ ይውል ነበር። ስናፕሲድ በተባለው ነፃ መተግበሪያ ብርሃኑን ከፍ ዝቅ ማድረግ፣ የተጋደመውን አድማስ ማቃናት፣ ጠርዝ ላይ የገባውን የሰው ክንድ መቁረጥ የሥራው አካል ነው። ለዜና በሚሆን ፎቶ ውስጥ የነበረን ነገር ማጥፋት ሌላ ጉዳይ ነው።

እኔን የሚያናድደኝ ቆዳ የሚያነጣው ኤዲት ነው። የሰርግ አልበም ገልጣችሁ ሙሽራዋን እናቷ የማታውቃት ሆና አግኝታችሁ አታውቁም? የፊቷ ጠይምነት ታጥቦ፣ አንገቷ ብቻ የራሷ ሆኖ ይቀራል።

«መንገድ ላይ ያለ ሰው ፈቃድ አያስፈልገውም»

ያስፈልገዋል፣ በተለይ ፎቶውን ልትለጥፉት ከሆነ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የአንድ ሰው ምስል ያለፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና ለሽያጭ እንዳይቀርብ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ደግሞ ከዚህ የሚወጡትን ይዘረዝራል፤ ታዋቂ ሰው፣ የሕዝብ ሹመት የያዘ፣ የፍርድና የፖሊስ ጉዳይ፣ ለሳይንስ፣ ለባህልና ለትምህርት የሚውል፣ በአደባባይ የተደረገ ክንውን ወይም በዓል። የጥምቀት ሰልፍ ሌላ ነው፣ ጉልት ላይ ቲማቲም የምትሸጥ ሴት ፊት ሙሉ ፎቶ ሌላ ነው።

ማስፈቀድ ፎቶውን ይገድላል የሚሉ አሉ። የመጀመሪያውን ሊገድለው ይችላል፤ ሰው «ላንሳሽ?» ሲባል ቀጥ ብሎ ይቆማል። ያንን አንሱላት። አመስግኑ፣ ቲማቲም ግዙ፣ ትንሽ ቆዩ። ወደ ሥራዋ ስትመለስ የፈለጋችሁት ይመጣል። ከዚያ ስክሪኑን አዙራችሁ አሳዩአት። «አጥፋው» ካለች እዚያው ፊቷ አጥፉት፤ ስልክ ከሆነ በቅርብ የተሰረዙ ፎቶዎች ከሚቀመጡበት ማህደርም ጭምር።