ቅድመ ሁኔታዊ የመኖር ዕድል ምንድን ነው?

አንድ ሰው አንድ ዕድሜ ላይ በሕይወት መድረሱ ከታወቀ በኋላ ተጨማሪ ዓመታት የመኖሩ ዕድል፣ በሕይወት መድንና በጡረታ ሒሳብ ቅድመ ሁኔታዊ የመኖር ዕድል ይባላል። ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ እዚህ ደሴ በዕድር ስብሰባዎች ደጋግሜ የምሰማው ክርክር ነው። በቅርቡ አንድ ተናጋሪ «አማካይ ዕድሜ 65 ከሆነ፣ በ60 ዓመታቸው የሚገቡ አባል የሚያዋጡት ለ5 ዓመት ብቻ ነው፤ ዕድሩን ያከስራሉ» ብለው ተከራከሩ። ለዕድሩ መቆርቆራቸውን አከብራለሁ፤ ስሌቱ ግን ከሥሩ የተሳሳተ ነው።

65 የተባለው አማካይ የሚቆጠረው ከልደት ጀምሮ ነው። በጨቅላነታቸው የሞቱትም፣ በወጣትነታቸው የተቀጩትም ገብተውበት ቁጥሩን ወደ ታች ስበውታል። የ60 ዓመቱ አዛውንት ያን ሁሉ አልፈው የመጡ ስለሆኑ፣ ያለፈው አደጋ በእሳቸው ላይ ዳግመኛ ሊታሰብባቸው አይገባም። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ መኪና የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ከጨረሰ በኋላ በሰላም የመግባት ዕድሉ ሲጠየቅ፣ ገና ከመናኸሪያ ያልወጣው መኪና የሚጠብቀውን አደጋ ሁሉ አንቆጥርበትም። ይህ ማለት ግን ቁልቁለቱ ፍሬኑን አደሰለት ማለት አይደለም፤ እንዲያውም አግሎታል። ሰውም እንዲሁ ነው፤ በጎልማሳነትና በእርጅና በየዓመቱ የመሞት ዕድል ከዕድሜ ጋር ይጨምራል፤ «እዚህ የደረሰ ጠንካራ ነውና ከእንግዲህ አይሞትም» የሚሉትም ተሳስተዋል።

ስሌቱ ማካፈል ብቻ ነው። ለምሳሌ ያህል ከተወለዱ 100,000 ሰዎች 70,000ው ለ60፣ 56,000ው ለ70፣ 35,000ው ለ80 ዓመት ይደርሳሉ እንበል። ሕፃን ሲወለድ 80 የመድረስ ዕድሉ 0.35 ነው፤ የ60 ዓመቱ ሰው ግን 35,000 ለ70,000 ተካፍሎ 0.5 ይሆንለታል። በደረጃ ቢሰላም ከ60 እስከ 70 ያለው 0.8፣ ከ70 እስከ 80 ባለው 0.625 ተባዝቶ ያው 0.5 ይመጣል። እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ኤድመንድ ሃሌይም በ1693 እ.ኤ.አ. ለብሬስላው ከተማ (የዛሬዋ የፖላንድ ቭሮትስዋፍ) ባዘጋጀው፣ በየዕድሜው ስንት ሰው በሕይወት እንዳለ በሚያሳይ ሠንጠረዥ 40 ዓመት ከሞላቸው 445 ሰዎች 377ቱ ለ47 እንደሚደርሱ አይቶ፣ ዕድሉን ያወጣው በዚያ ዕድሜ በሕይወት ካሉት ተነሥቶ እንጂ ከተወለዱት አልነበረም።

እንዲህ ያለው ሠንጠረዥ ከእነማን መረጃ እንደተሠራም መጠየቅ ግድ ነው። የሕዝብ ሠንጠረዥ ሁሉንም ሰው ሲይዝ፣ ሐኪም መርምሮ ያሳለፋቸው የመድን ደንበኞች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከዕድሜ እኩዮቻቸው ያነሰ ይሞታሉ። በዕድር ግን ተቃራኒው ሊደርስ ይችላል፤ በ60 ዓመቱ ለመግባት የሚቸኩል ሰው ሕመም የተሰማው ሊሆን ይችላል። የዕድሩ ስጋት በዚህ በኩል ከሆነ እውነተኛ ነው፤ የሚፈታው ግን ለአዲስ አባል የመቆያ ጊዜ (እያዋጣ ጥቅም ሳያገኝ የሚጠብቀውን ጊዜ) በመወሰንና መዋጮውን ከ60 ዓመት ጀምሮ ባለው የመኖር ዕድል በማስላት እንጂ 60ን ከ65 በመቀነስ አይደለም።